የቲማቲም ዘር በማን እጅ ይቅር?

የዚህን ጽሑፍ አርእስት የሚያይ አንባቢ አስቀድሞ ፈገግ እንደሚል እናውቃለን። ስለ ሕግ፣ ስለ ኤኮኖሚ፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ትምህርት መሻሻል ሲጻፍበት በቈየ መጽሔት ላይ ድንገት ቲማቲም ብቅ ሲል፣ «እነዚህ ልጆች ደግሞ ምን ነካቸው?» ቢባል አንቀየምም። ይሁን እንጂ ቲማቲም ከእኛ ከተማሪዎች ማዕድ ርቆ አያውቅም። በጾም ቀን ስልስ ሆኖ ይቀርባል፤ ኪስ በሳሳ ጊዜ ከቃሪያና ከሽንኵርት ጋር ተከትፎ በእንጀራ ይፈተፈታል፤ በበዓልም ቀን ሰላጣ ሆኖ ከሥጋው አጠገብ ይቀመጣል። ታዲያ ይህን ያህል የምንበላውን ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ከሁሉም በላይ ዘሩን የያዘው ማን እንደ ሆነ ከመካከላችን ስንቱ ጠይቋል? ይህችን ጥያቄ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን ለማቅረብ ስንል ብዕራችንን አንሥተናል።

ስለ ራሳችን ጥቂት መናገር ተገቢ ነው። አራት ተማሪዎች ነን። ከስድስት ኪሎ ሽቅብ በሚወጣው መንገድ አጠገብ ካለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አንዳችን ሕግ፣ አንዳችን ምሕንድስና፣ ሁለታችን ባዮሎጂ እንማራለን። የግቢው ባለቤት በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እማማ እያልን እንጠራቸዋለን፤ እርሳቸውም ልጆቼ ይሉናል። ከማጀታቸው በስተ ጀርባ፣ ፀሐይ በምታገኘው ግድግዳ ሥር፣ ወርዱ ሁለት ክንድ የማይሞላ መደብ አለ። የምንጽፈው ሁሉ በዚህ መደብና በጥቂት ጀሪካኖች ላይ ሦስት ዓመት ሠርተን ያየነው ነው።

ቲማቲም እንግዳ ነው። የዱር ዘመዶቹ በደቡብ አሜሪካ ምዕራብ፣ በፔሩና በኢኳዶር አገር፣ ዛሬም ይበቅላሉ። ለገበታ የሚሆን ትልቅ ፍሬ እንዲያፈራ አድርገው ያለመዱት በሜክሲኮ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስሙም «ቶማትል» ከተባለው ከቋንቋቸው ቃል የመጣ ነው። እስፓኛውያን በ16ኛው ምዕት ዓመት ወደ አውሮፓ ወሰዱት። አውሮፓውያን ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ዐይን አዩት፤ መርዘኛ የሆኑ ዕፀዋት ቤተ ሰብ ነውና። የዚያ ቤተ ሰብ አባሎች በእኛም አገር ሞልተዋል። በየአጥሩ ሥር የምናየው እምቧይ አንዱ ነው፤ ልጆች ሳለን እንዳንነካው የተከለከልነው አጤ ፋሪስ ሌላው ነው፤ ድንች፣ ትምባሆና በርበሬም ዘመዶቹ ናቸው። ጣልያኖች ቲማቲምን «ፖሞዶሮ» ሲሉት፣ በእኛም አገር በሰሜን በኩል ቃሉ ተለውጦ «ኮሚደረ» ሆኗል። በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ ሳለ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ አለ የሚል ሐበሻ አይገኝም። እንግዳ ዘሩ በቤቱ ሰው እጅ ሲገባ ቤተኛ ይሆናል። ዘሩ በእጅ ካልገባ ግን ምን ጊዜም እንግዳ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ሙቀት ለሚወደው ለቲማቲም እጅግ የተመቸች አይደለችም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ቅጠሉን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በመካከል ያለውን ጊዜ መጠቀም ያስፈልጋል። እኛ ዘሩን በጥር አጋማሽ በክፍላችን መስኮት ላይ እንዘራለን፤ ችግኙን በየካቲት መጨረሻ ወደ ውጭ እናወጣለን፤ የመጀመሪያውን ፍሬ በግንቦት መጨረሻ እንለቅማለን። ዘሩ ሞቅ ባለ ቦታ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል፤ በብርዳም ክፍላችን ግን 12 ቀን አስጠብቆናል።

ቦታ የለንም የሚል ሰው 20 ሊትር የሚይዝ አሮጌ ጀሪካን አንገቱን ቈርጦ፣ ከታች አምስት ስድስት ቦታ ቢበሳው ለአንድ ተክል የሚበቃ እርሻ አገኘ ማለት ነው። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሎ መሙላት ነው። ችግኙ አራት ወይም አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ይዛወራል። በዚህ ጊዜ ከሌላው ተክል የሚለይበት ጠባይ አለው፤ ግንዱ እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቢቀበር አይበሰብስም፤ ይልቁንም ከተቀበረው ግንድ አዲስ ሥር ያወጣል። እማማ፣ «ቅበሩት አትፍሩ፤ ይህ የሚቀበረው ለመነሣት ነው» ይሉናል።

በቀን ከ6 ሰዓት ያላነሰ ፀሐይ ያስፈልገዋል። ውሃው በጧት፣ ከሥሩ ላይ እንጂ በቅጠሉ ላይ አይፈስስም። አንድ ቀን አጥለቅልቆ አራት ቀን የሚያስጠማው ሰው የፍሬው ቂጥ ጠቍሮ ሲበሰብስ ያያል፤ ምክንያቱም ካልሲየም የተባለው ማዕድን ወደ ፍሬው የሚጓዘው በውሃ ነው፤ ውሃው ሲቈራረጥ ማዕድኑም በመንገድ ይቀራል። ቁመቱ ሲረዝም ድጋፍ እንጨት ተተክሎለት በጨርቅ ለቀቅ ተደርጎ ይታሰራል። በቅጠሉና በግንዱ መካከል፣ በብብቱ ዘንድ የሚያቈጠቍጠው ቅርንጫፍ ካልተቀነሠ ተክሉ ጉልበቱን ሁሉ በቅጠል ያጠፋዋል።

ጠላቶቹ ብዙ ናቸው። በክረምት ቅጠሉን በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እሳት የላሰው የሚያስመስለው በሽታ፣ ከ1845 ጀምሮ በአየርላንድ የድንችን ማሳ አጥፍቶ ያን ታላቅ ረኃብ ያስከተለው ያው በሽታ ነው። «ቱታ አብሶሉታ» የሚባለው ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት ራትም ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ በአውሮፓ በኩል ዞሮ በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኢትዮጵያ ታየ። እንግዲህ እንግዳው መጥቶ ከተቀመጠ ከብዙ ዘመን በኋላ ጠላቱ ፍለጋውን ተከትሎ መጣ ማለት ነው። ሲጋራ ለሚያጨሱ ወንድሞቻችንም የምንነግራቸው አለን። ትምባሆን የሚያሳምም አንድ ቫይረስ በሲጋራው ውስጥ ሳይሞት ቈይቶ በአጫሹ ጣት በኩል ወደ ቲማቲሙ ሊተላለፍ ይችላልና ተክሉን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ለራሳቸው ሳንባ ያላዘኑ ቢሆኑ እንኳ ለጓሮው ይዘኑለት።

ከዚህ በላይ የተነገረው በማናቸውም መጽሐፍ የሚገኝ ነው። አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዘሩ እንድረስ።

የእማማ ቲማቲም በገበያ እንደሚሸጠው እንቁላል መሳይና ጠንካራ አይደለም። ጠፍጠፍ ያለ፣ ከላዩ ሸንተረር ሸንተረር ያለበት፣ ቆዳው ስስ የሆነና ለመንገድ የማይመች ነው። በሣጥን ተጭኖ አንድ ቀን ቢጓዝ ይፈርጣል። ስልስ ሲሠራበት ግን ሌላው አጠገቡ አይደርስም። ዘሩን በልጅነታቸው ከአማታቸው ጓሮ እንዳገኙት ይናገራሉ፤ ከዚያ ወዲህ ከዘር ሱቅ አንዲት ፍሬ ገዝተው አያውቁም።

ዘር የሚይዙበት መንገድ እንዲህ ነው። ተክሎቹ ማፍራት ሲጀምሩ እማማ ከመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት መርጠው በግንዳቸው ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ቀይ ክር ከታሰረበት ተክል ማንም አይቀጥፍም። በመጀመሪያው ዓመት እኛ ወፍራም ወፍራሙን ፍሬ እየለየን ስናሳያቸው፣ «ፍሬውን ተዉት፤ እናቱን እዩ» አሉን። ከመካከላችን ባዮሎጂ የሚማሩት ሁለቱ ወዲያው ተያዩ። በአንድ ተክል ላይ ያሉት ፍሬዎች ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የተለቀው ቀድሞ ስላበበ ወይም ብዙ ፀሐይ ስላገኘ ሊሆን ይችላል። በዘር የሚተላለፈው ግን የተክሉ ጠባይ ነው፤ በሽታ መቻሉ፣ ብርድ መታገሡ፣ ብዙ ማፍራቱ፣ ጣዕሙ። ይህን ለመማር እኛ በዩኒቨርሲቲ አንድ መንፈቅ ፈጅቶብናል፤ እማማ በአራት ቃል ጨረሱት።

ፍሬው በደንብ ቀልቶ ለስለስ ሲል ይቀጠፋል። ወገቡ ላይ ተቈርጦ፣ ዘሩ ከነዝልግልጉ በብርጭቆ ይጨመቃል። ከዚያም ላላ ባለ ክዳን ተሸፍኖ ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በብርድ ጊዜ አራት ቀን ይቀመጣል። እንደ ጠላ ይፈላል፤ ይሸታል፤ ከላዩ ነጭ ሻጋታ ያዘቅዝቃል። በዚህ ጊዜ የቤት ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ መታገሥ ነው። ዘሩን የከበበው ዝልግልግ ሽፋን ዘሩ በፍሬው ሆድ ሳለ እንዳይበቅል የሚከለክል ነገር አለበት፤ መፍላቱ ያን ሽፋን ያሟሟዋል፤ በዘር ላይ የሚሳፈሩ አንዳንድ በሽታዎችንም ይቀንሳል። ከአራት ቀን በላይ ከቈየ ግን ዘሩ እዚያው መብቀል ይጀምራል። ቀጥሎ ውሃ ተጨምሮ ይበጠበጣል፤ ፍሬያማው ዘር ከታች ይዘቅጣል፤ ገለባው ከላይ ይንሳፈፋል፤ የተንሳፈፈው ተደፍቶ የዘቀጠው በማጥለያ ይታጠባል። በመጨረሻ በሰሐን ላይ ተበትኖ፣ በጥላ ሥር እየተገላበጠ አንድ ሳምንት ያህል ይደርቃል። ደርቋል የሚባለው ሲያጥፉት የሚሰበር እንደ ሆነ ነው።

እማማ በሰሐን ፋንታ በደብተር ወረቀት ላይ ያሰጡታል፤ ዘሩ ከወረቀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ወረቀቱን አጥፈው ከሣጥናቸው ያኖሩታል። በሚቀጥለው ዓመት ወረቀቱን ቀደድ እያደረጉ ከነዘሩ ይቀብሩታል። እኛ የጨመርነው ነገር ቢኖር ዓመተ ምሕረቱን መጻፍና ወረቀቱን ክዳን ባለው ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ የቲማቲም ዘር አራት አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቈያል። የተጠራጠረ ሰው አሥር ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይሞክር፤ ስምንት ከበቀለ ዘሩ ደኅና ነው።

አሁን አንድ አንባቢ፣ «ከገበያ የገዛሁትን ቲማቲም ዘር ብይዝስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኛም ሞክረነዋል። ከዘር ሱቅ «ኤፍ ዋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ፓኬት ገዛን። «ኤፍ ዋን» ማለት ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያው ትውልድ ማለት ነው። ተክሎቹ ሁሉ እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል ሆነው አደጉ፤ ፍሬያቸውም ብዙ ነበረ። የእነርሱን ዘር ይዘን በሚቀጥለው ዓመት 12 ተክል ስናበቅል ግን ሰልፉ ፈረሰ። አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፤ አንዱ ክብ፣ አንዱ ሞላላ፤ አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ ሆምጣጣ ሆነ። መንዴል የተባለው መነኵሴ በአተር ላይ አይቶ በ1866 ያሳተመው ነገር በእኛ ጀሪካን ውስጥ ተገለጠ። የእኛ ሰዎች «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚሉት ይህን ነው። የተሰወረው የአያት ጠባይ በልጅ ልጅ ይወጣል።

ይህ ማለት ግን በሩ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የቲማቲም አበባ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድነት የያዘች፣ አብዛኛውን ጊዜ በራስዋ ብናኝ የምትፀንስ ናት። በዚህ ምክንያት ከእያንዳንዱ ትውልድ ጋር መደባለቁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ከስድስት ትውልድ በኋላ ከ64 እጅ አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ስድስት ዓመት የሚታገሥ፣ በየዓመቱም የሚወደውን ተክል ብቻ የሚመርጥ ሰው ከድቅሉ ውስጥ የራሱን የጸና ዝርያ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ያህል መቈየት ለማይፈልግ ደግሞ ዘሩ ከዓመት ዓመት የማይለወጥ ዝርያ አለ። የመልካሳ እርሻ ምርምር ማእከል ያወጣቸው «መልካሾላ»ና «መልካሳልሳ» እንደዚህ ያሉ ናቸው።

ለፍርድ እንዳይጎድልብን፣ ድቅል ዘር ክፉ ነው አንልም። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ ለገበያ የሚያመርት ገበሬ ብዙ የሚያፈራና በሽታ የሚችል ዘር ቢመርጥ ይገባዋል፤ ትርፍና ኪሳራውን ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃል። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ሁሉም ሰው በየዓመቱ ገዢ ብቻ ከሆነ፣ የፓኬቱ ዋጋ በናረ ወይም መንገዱ በተዘጋ ቀን በእጁ ምን አለው? በአንድ አገር ውስጥ ጥቂት እጆች እንኳ ዘር መያዝ ካልረሱ፣ ያ አገር መጠጊያ አለው።

ይህን የምንለው በነገር ማሳመሪያ አይደለም። ባለፈው ዓመት ሠፈራችን ለአዲስ ግንባታ እንደሚነሣ ተነገረ። እማማም ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊገቡ ነው። ቤቱ መሻሻሉ እውነት ነው፤ የማይፈስ ጣራና በክፍሉ ውስጥ የሚወርድ ውሃ ቀላል ነገር አይደለም፤ እማማም አልጠሉትም። «ዕቃው ይጫናል፤ ጓሮው ግን አይጫንም» ብቻ አሉ። ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል፤ አንዳቸውም ዘሩን አልጠየቁም። ያ ሸንተረር ያለው ቲማቲም ስም የለውም፤ በማንም መዝገብ አልተጻፈም፤ እኛ እስከምናውቀው ድረስ በዓለም ላይ ያለው በእማማ ሣጥን ውስጥ በታጠፈች ወረቀት ላይ ብቻ ነበረ። አንዲት አይጥ ወይም አንድ የዕቃ ጫኝ ግዴለሽነት ያጠፋው ነበር። ስለዚህ ዘሩን ከአምስት ተካፍለን እያንዳንዳችን በየስፍራችን አኖርነው። በ1 ግራም ውስጥ ወደ 300 የሚጠጋ ዘር ስላለ፣ አንድ ጓሮ ሙሉ በአንድ ፖስታ ውስጥ ይገባል።

ባዮሎጂ የሚማሩ ወንድሞቻችን ቫቪሎቭ የተባለውን የሩሲያ ሊቅ ስም ያውቃሉ። ይህ ሰው በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴውንና የገብሱን ብዛት አይቶ ተደነቀ፤ ኢትዮጵያንም የሰብል ዘር መገኛ ከሆኑት ከዓለም ጥቂት ስፍራዎች እንደ አንዱ ቈጠራት። እርሱ በ1943 በእስር ቤት ሞተ። በሌኒንግራድ ያቋቋመው የዘር ክምችት ግን ከተማዋ ከ1941 እስከ 1944 ተከባ በነበረችበት ጊዜ እንኳ አልተበላም፤ ጠባቂዎቹ ሩዙና ሌላው እህል አጠገባቸው ሳለ አንዳንዶቹ በረኃብ ሞቱ። በእኛም አገር በ1976 የዕፀዋት ዘር ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው እርሱ ነው። ማእከሉን ለብዙ ዓመት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በገበሬው እጅና በገበሬው ማሳ ላይ እንዲጠበቅ በመድከማቸው በ1989 በዓለም የታወቀ ሽልማት ተቀብለዋል። እንደዚህ ያለ ታሪክ እያለን ተማሪው ዘር ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ዲግሪ ቢጭን፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» መባሉ ነው። የተማረ ሰው የላቲኑን ስም ማወቁ መልካም ነው፤ ስሙ ግን አይዘራም።

ጊዜ የለንም የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ቲማቲም ከተማሪ የሚጠይቀው በጧት አምስት ደቂቃና አንድ ጣሳ ውሃ ነው፤ በፈተና ሰሞን ይህን ያህል ጊዜ የሚባክነው «ፈተናው ከባድ ነው» ሲባባሉ ነው። ዶርም ውስጥ የሚኖር ጀሪካኑን ለመትከል ባይፈቀድለት፣ ዘሩን ወደ ወላጆቹ ጓሮ ይላክ። ከክፍለ ሀገር የመጣም ሲመለስ የእናቱን ሣጥን ይመርምር፤ ምናልባት እዚያም በወረቀት የተጠቀለለ ስም የሌለው ዘር፣ የጎመን፣ የዱባ፣ የበርበሬ ወይም የቃሪያ ዘር ይኖራል። እናቱን ከየት እንዳገኙት፣ እንዴት እንደሚይዙት፣ የትኛውን ተክል ለዘር እንደሚመርጡ ይጠይቃቸው። የተነገረውን ይጻፍ፤ ከዘሩም እፍኝ ይውሰድ። ይህ ነገር በየትኛውም ክፍል አይፈተንም፤ ተፈታኙ አገር ነውና።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የእማማ ዘር ለአምስት ሰው ሲካፈል ቀለለ፤ ለሃምሳ ሰው ቢካፈል የማይጠፋ ይሆናል። ከእኛ ዘንድ የሚወስድ ሰው ቢኖር አሥር አሥር ፍሬ እንሰጣለን። ዋጋው አንድ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ከበቀለው ላይ ቀይ ክር አስሮ፣ ዘር ይዞ፣ አሥር ፍሬ ለሌላ ተማሪ ማስረከብ።